ጠበል ስትገባ መድኃኒቷን ታቋርጥ ወይ?

ጥያቄው የአንዲት እናት ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ልጄ 17 ዓመቷ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት በየአምስት ሳምንቱ ገደማ ይጥላት ነበር። ሐኪም ፌኖባርቢታል አዘዘላት፤ ማታ ማታ አንድ ፍሬ ትወስዳለች፤ በጣም ተሽሏት ነበር። አምና አያቷ ሰሜን ሸዋ ጠበል ወሰደቻት። አንድ ሱባኤ ይዘው ከመንገዱ ጋር 9 ቀን ቆዩ። ‹ጠበልና መድኃኒት አይቀላቀልም› ስለተባሉ ኪኒኑን ቤት ትታው ነው የሄደችው። በ9ኙ ቀን አንድም ጊዜ አልጣላትም። ቤት የገባች ዕለት ማታ መድኃኒቷን ጀመረች፤ በማግስቱ ጠዋት ጣላት። እናቴ ‹አየሽ፣ የሚጥላት መድኃኒቱ ነው፤ በጠበሉ ድና ነበር› ትላለች። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቷን አላቋረጠችም፤ 11 ወር ሆናት፣ አልጣላትም። ዘንድሮ ግን እናቴ ሁለት ሱባኤ ልታስይዛት ተዘጋጅታለች። እኔ የሐኪሙን ቃል እሰማለሁ፤ በእምነቴም አልደራደርም። ግን በዓይኔ ያየሁት የእናቴን ቃል የሚደግፍ ሆነብኝና ሁለት ልብ ሆኛለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎትና ወደ ምክንያቱ እመለሳለሁ። ትሂድ፣ ትጠመቅ። ኪኒኗን ግን ይዛ ትሂድ፤ አንድም ማታ አታቋርጥ። ዘንድሮም እንዳምናው ብታቋርጥ አደጋው ከአምናው ይብሳል። ይህን የምለው ላስፈራራዎት ብዬ አይደለም፤ ሒሳቡን ከታች አብረን እንሠራዋለን።

የነርቭ ሐኪም ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የማይመጣልኝ ሳምንት የለም። አብዛኛው ሰው ግን እንደ እርስዎ ቀኑን ቆጥሮ አያመጣልኝም። «ጠበል ሄደች፣ ተሻላት፤ መድኃኒት ጀመረች፣ ባሰባት» ብሎ ያቆማል። ስንት ቀን ቆየች፣ በስንተኛው ቀን ጣላት ብዬ ስጠይቅ አያስታውስም። እርስዎ ቆጥረዋል፤ መልሱም ያለው እዚያው ቁጥርዎ ውስጥ ነው።

እናትዎ ያዩት ነገር ሐሰት አይደለም። 9 ቀን አልጣላትም፤ እውነት ነው። መድኃኒቱን በጀመረች ማግስት ጣላት፤ ይህም እውነት ነው። ስለዚህ «ተሳስተሻል፣ እንዲህ አልሆነም» ብለው አይከራከሯቸው። ሰው በዓይኑ ያየውን «አላየህም» ሲሉት ይቆጣል፤ መቆጣቱም ተገቢ ነው። የምንነጋገረው ያዩትን ነገር ምን አመጣው በሚለው ላይ ነው።

ፌኖባርቢታል አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ በአዋቂ ሰው 4 ቀን ያህል ይፈጃል (በትንንሽ ልጆች ፈጠን ይላል)። አንዲት ቀስ እያለች የምታንጠባጥብ እንስራ ያስቡ። ማታ ማታ አንድ ኩባያ ውኃ ይጨምሩባታል፤ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ስትል ውላ አንድ ኩባያ ያህል ይወጣባታል። እንዲህ እያለች ውኃው ከፍታውን ጠብቆ ይኖራል። የልጅዎ ደም እንደዚያ ነው፤ ማታ ማታ የምትውጠው አንድ ፍሬ የዚያን ቀን የፈሰሰውን ይተካል።

አሁን አምና የሆነውን ቀን በቀን እንየው። ኪኒኑን ትታ በሄደች በ4ኛው ቀን እንስራው ግማሽ ላይ ነው። በ8ኛው ቀን ሩብ ላይ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ጠበሉ ቦታ የከረመችው ያለ መድኃኒት አልነበረም፤ ቤት ሳለች በዋጠችው መድኃኒት ነበር የከረመችው። ቤት በገባችበት ማታ ከሩብ በታች ወርዳለች። ያን ማታ አንድ ፍሬ ዋጠች። አንድ ኩባያ ውኃ ግን የጎደለ እንስራ አይሞላም፤ ፌኖባርቢታል ተቋርጦ ሲጀመር ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። እንግዲህ በማግስቱ ጠዋት የጣላት መድኃኒቱ በደሟ ውስጥ እጅግ ባነሰበት ሰዓት ነው። ቤተሰቡ «መድኃኒት በጀመረች ማግስት» ብሎ የመዘገበው ቀን በእኔ ሒሳብ «መድኃኒት ካቆመች በ10ኛው ቀን» ነው። ቀኑ አንድ ነው፤ ስሙ ነው የተለያየው።

በዚያ ላይ ይህ መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ ራሱ መቋረጡ ይጥላል። አንጎል ለወራት ከለመደው ዕረፍት በአንዴ ሲነሳ ይደነግጣል። ሌላም አለ። ከጠበል ቦታ ሲመለሱ በሌሊት ተነስተው አውቶቡስ እንደያዙ እገምታለሁ፤ ከዚያም በፊት ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት 9 ሰዓት እየተነሱ ለጠበል ተራ ሲይዙ ከርመዋል። እንቅልፍ ማጣት የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ከሚጥሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። እንግዲህ ሦስት ነገር በአንድ ጠዋት ተገናኘ። ኪኒኑ ከሦስቱ አንዱ እንኳ አልነበረም፤ ቢሆንም የመጨረሻው የታየ ነገር እሱ ነበርና ክሱ እሱ ላይ ወደቀ።

ዘንድሮ ሁለት ሱባኤ ይዛ ከመንገዱ ጋር 16 ቀን ብትቆይ ስንት ይቀራል? በ4 ቀን ግማሽ፣ በ8 ቀን ሩብ፣ በ12 ቀን ስምንተኛ፣ በ16ኛው ቀን ከ16 አንድ እጅ። ባዶ ማለት ይቻላል። አምና ቤቷ ገብታ የጣላት ዘንድሮ እዚያው፣ በድንጋዩና በውኃው መሀል ሊጥላት ይችላል። ከሁሉም የምፈራው ደግሞ አንዱ ሳይለቅ ሌላው እየተከተለ፣ ወይም አንዱ ከ5 ደቂቃ አልፎ ሳይቆም የሚቀጥለውን ነው። ያ ሆስፒታል ካልደረሰ ሕይወት ያጠፋል። መድኃኒት ድንገት ማቋረጥ ደግሞ ከዋና ዋና መንስኤዎቹ አንዱ ነው።

(ይህን የምታነቡ ሌሎች ቤተሰቦች፦ ልጃችሁ የሚወስደው ካርባማዜፒን ወይም ቫልፕሮኤት ከሆነ ይህን የ4 ቀን ሒሳብ አትውሰዱት። እነዚያ ከሰውነት የሚወጡት በሰዓታት ነው፤ አንድ ሁለት ቀን መዝለል እንኳ ልጁን ለመጣል ይበቃል።)

ሁለተኛ የምቆጥረው ነገር አለ። መድኃኒት ሳትጀምር በየአምስት ሳምንቱ ይጥላት እንደነበር ነግረውኛል። ይህ ማለት ያኔ፣ ምንም ሳትወስድ፣ ጠበልም ሳትሄድ፣ ሰላሳ ምናምን ቀን በጤና ትቆይ ነበር። እንግዲህ 9 ቀን አለመጣሉ በማንኛውም ወር ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው። በዚህ በሽታ «ዳነ» ለማለት 9 ቀን አይበቃም፤ እኛ ሐኪሞች መድኃኒት እናቁም ወይ ብለን ማሰብ የምንጀምረው ቢያንስ 2 ዓመት ሙሉ ሳይጥል ሲቀር ነው። ያኔም የምናቆመው በወራት ውስጥ እየቀነስን ነው።

ይህ የመቁጠር ነገር በእጅ የሚዳሰስበትን አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ሁላችንም ያየነው ነውና። መንገድ ላይ ሰው ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ክብሪት ተጭሮ ጭሱ አፍንጫው ሥር ይያዛል። አንዱ ክብሪት አለቀ፣ ሁለተኛው ተጫረ፣ ሦስተኛው ላይ ሰውዬው ረጋ፣ ዓይኑን ገለጠ። ሰዉ ሁሉ «ክብሪቱ ነው» ይላል። በተማሪነቴ አንድ ቀን ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ ከወደቀበት እስከ ረጋበት 2 ደቂቃ አልሞላም። አብዛኛው መንቀጥቀጥ ማንም ሳይነካው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ክብሪት የጫረው ሰው ልቡ ቅን ነው፤ ሌላው ሲሸሽ እሱ ተጠግቷል። ግን ጊዜ የሠራውን ሥራ ክብሪት ተመሰገነበት። ሰልፈሩ ደግሞ መተንፈስ ያቃተውን ሰው ያፍናል። የሚያስፈልገው ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አለማስገባት፣ ሰዓት ማየት ነው። በሽታው በለሃጩ አይተላለፍም። በትንፋሹም፣ በመንካትም አይተላለፍም። ይህን ስንት ጊዜ ብናገር አይበዛብኝም፤ ሰዎች ሲወድቁ እሳት ላይ፣ ውኃ ውስጥ የሚቀሩት አጠገባቸው ያለው ሰው ሊነካቸው ስለሚፈራ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልመጣ። «ስንቱ በጠበል ድኖ የለ እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። በዚህ በሽታ ስም ጠበል ገብተው ዳግመኛ ያልጣላቸው ሰዎች አሉ፤ አውቃለሁ፣ ምስክርነታቸውን ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር የሚያደርገውን በእኔ መሣሪያ አልለካውም፤ ሙያዬም አይደለም። በሙያዬ መናገር የምችለው የሚከተለውን ነው። ከልጆች የሚጥል በሽታ ዓይነቶች መካከል ልጁ ጎረምሳ ሲሆን በራሳቸው የሚጠፉ አሉ። ትኩሳት ሲይዛቸው የሚንቀጠቀጡ ሕፃናት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው 6 ዓመት ሲያልፍ ይተዋቸዋል። ደግሞም የሚጥል በሽታ የሚመስል፣ ግን ከአንጎል የኤሌክትሪክ ቀውስ ሳይሆን ከከባድ ጭንቀትና ከሐዘን የሚመጣ መውደቅ አለ። እሱም እውነተኛ ሕመም ነው፤ ሰውየው እያስመሰለ አይደለም። ኪኒን ግን አይሠራበትም። ጸሎት፣ የሰው ፍቅር፣ ከቤት ጭቅጭቅ መራቅ፣ ምክር ይሠራበታል። እነዚህ ሁሉ ጠበል ቦታ ይገኛሉ፤ እዚያ የሚሻላቸው ሰዎች መኖራቸው አይደንቀኝም። የልጅዎ ግን ከነዚህ አይደለም። መድኃኒት ስትወስድ 11 ወር የቆመላት፣ ስታቆም የተመለሰባት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነጋገርነው ስለሚቆጠረው ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው የእምነት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ነበርኩ። አንዲት እናት የ12 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። መድኃኒት ጻፍኩላት፤ እሷም «ጠበሉንስ እንዴት ላድርግ ዶክተር?» አለችኝ። ውጭ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ሰው እየሰማ «ጠበል ይህን በሽታ አያድንም፤ ወይ እሱን ወይ እኔን» ብዬ መለስኩላት። ምንም አልመለሰችልኝም። ወረቀቱን አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፣ ልጁን እጁን ይዛ ወጣች። ከ8 ወር በኋላ ልጁ ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ። ምድጃ ላይ ወድቆ ነበር። ጨርቁን ስፈታ ሁለት ጣቶቹ ከመዳፉ ጋር ተጣብቀው ድነዋል። መድኃኒቱን አንድ ወር ብቻ ሰጥታው እንደተወች ነገረችኝ። ምረጪ አልኳት፤ እሷም ከእናቷና ከአያቷ የተረከበችውን መረጠች። ከእኔ ጋር የተዋወቀችው ደግሞ ለ10 ደቂቃ ነበር።

እህቴ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ሰው በጠበልና በመድኃኒት መሀል ምረጥ ብዬ አላውቅም። ጠበል መድኃኒት ተው አይልም። እንዲህ የሚለው ሰው ነው። ሰው ደግሞ፣ ሐኪምም ይሁን ሌላ፣ ይሳሳታል።

ይህ የእኔ የግል ሐሳብ ብቻ እንዳይመስልዎት፦ በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ሲጀምር ይኸው ጥያቄ በብዙ ሺህ ሕይወት ላይ ተነስቶ ነበር። እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል መስሏቸው ይተዉት ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በይፋ ተናገሩ፤ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት አለመሆኑን፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃረኑ ገለጹ። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ተጽፏል። እናትዎ ቃሉን ከእኔ ይልቅ ከንስሐ አባታቸው ቢሰሙት ይሻላል። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን ሦስታችሁም፣ እርስዎ፣ እናትዎና ልጅቷ፣ ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁም «መድኃኒት ይሻላል ጠበል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ልጃችን ማታ ማታ የምትወስደው መድኃኒት አለ፤ ካቆመች ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል ተብለናል። እየወሰደች ትጠመቅ?» በሉ። ብዙ ካህናት ይህን ሲጠየቁ ምን እንደሚመልሱ ከታካሚዎቼ ሰምቻለሁ፤ ትጠመቅ ነው የሚሉት።

በሌላ በኩል፣ መድኃኒቱን በሚመለከት የሚወራው ሁሉ ባዶ ወሬ ነው ብዬ ከተናገርኩ እኔም እውነቱን ደበቅኩ ማለት ነው። ፌኖባርቢታል ያደነዝዛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ በአንዳንዱ ሰው ላይ የማስታወስ ኃይልን ያዘገያል። እናትዎ «ልጄ ፈዘዘችብኝ» ካሉ የሚናገሩት ትክክል ሊሆን ይችላል። ከ100 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ርካሽ፣ ገጠር ድረስ የሚገኝ፣ በቀን አንዴ የሚበቃ መድኃኒት ነው፤ ለዚያ ነው የሚታዘዘው። ግን የ12ኛ ክፍል ፈተና ለምትዘጋጅ ልጅ የሚከብዳት ከሆነ ሐኪሟን «ሌላ ይቀየርላት?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው። ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፤ ቫልፕሮኤት የሚባለው ለሴት ልጅ ሲታዘዝ ሐኪሙን በደንብ ይጠይቁ። እርግዝና ቢመጣ በፅንሱ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳልና ሌላ አማራጭ እያለ ለወጣት ሴቶች አይመረጥም። መድኃኒት የሚቀየረው ደግሞ አንዱን በአንዴ ጥሎ ሌላውን በማንሳት አይደለም፤ አንዱ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ ነው።

በአገራችን የመድኃኒቱ ችግር መብዛቱ ሳይሆን አለመድረሱ ነው የኖረው። ቀዳሚው የነርቭ ሐኪማችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ከ60,000 በላይ ሰው መርምረው በፈረንጆች 1990 ያሳተሙት ጥናት አለ። 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ከሺህ ሰው 5 ያህል ማለት ነው። ከእነዚያ ውስጥ የታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የወሰዱት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ልጅዎ ዛሬ ያገኘችውን ያ ሁሉ ሰው አላገኘም ነበር። ይህን ሳስብ በእጅ የገባ መድኃኒት ሲቋረጥ በጣም ያመኛል።

እንግዲህ ትሂድ ካልን፣ አካሄዱን እንነጋገር። ፌኖባርቢታል በሰውነት ረጅም ጊዜ መቆየቱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ለጾም የሚመች መድኃኒት ነው። ማታ፣ ከጾሙ ተፈታ በልታ፣ 2 ሰዓት ገደማ ትውጠው። ቀኑን ሙሉ ብትጾም የሚነካት ነገር የለም። ቅዱስ ቁርባን የምትቀበል ከሆነ የዋዜማውን ከጾሙ መግቢያ በፊት ቀደም አድርጋ ትውሰደው፤ በዚህ መድኃኒት የጥቂት ሰዓት መቅደም ወይም መዘግየት ለውጥ አያመጣም። አንድ ማታ ብትረሳ ባስታወሰች ሰዓት ትውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለት አትደርብ።

የሚያሳስበኝ እንቅልፏ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት መነሳት ግድ ከሆነ ማታ በጊዜ ትተኛ፣ ቀን ደግሞ ትተኛ፤ ድምሩ 7 ሰዓት ይሙላ። ማሕሌት ሙሉ ሌሊት መቆም ለእሷ አልመክርም፤ ይህን ንስሐ አባቷም ይረዱታል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የመጠጡ ነገር ነው። በባዶ ሆድ ጆግ በጆግ እየተቀዳ «ጠጪ፣ ይወጣልሻል» የሚባልበት ቦታ አለ። ብዙ ሊትር ውኃ በአጭር ጊዜ ሲጠጣ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ የቀጠነ ጨው ደግሞ ጤነኛውንም ሰው ያንቀጠቅጣል። ጠበሉ ቅዱስ ነው፤ ኩላሊቷ ግን የሰው ኩላሊት ነው። በቡና ስኒ የሚጠጣ ጠበል በረከቱ ከጆጉ ያንሳል ያለ አባት አላጋጠመኝም። ስትጠመቅም ከላይ በሚወርደው ሥር፣ አያቷ ወይም ሌላ ሴት ክንዷን ይዛ፤ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ብቻዋን አትግባ። ገደል አጠገብ አትተኛ። ጧፍ ከራስጌዋ ራቅ ይበል። የሚያስር፣ የሚገርፍ ካለ ደግሞ ወዲያውኑ ወደ ቤት ይመለሱ። በዚህ ላይ ምንም ሁለት ሐሳብ የለኝም።

ቢጥላት፦ ሰዓት ይታይ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ ሁለተኛ ከደገማት፣ ጸሎቱን መኪና ውስጥ ሆነው እየጸለዩ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ከመነሳታችሁ በፊት ያ ጤና ጣቢያ የት እንደሆነና ማታ መኪና ከየት እንደሚገኝ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ስለ እናትዎ ነው። እንስራውን ንገሯቸው፤ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ እውነተኛ ውኃ አምጥታችሁ፣ ቀዳዳ ያለው ጣሳ ላይ እየጨመራችሁ አሳዩአቸው። ልጅዎም ትይ፤ ስለ ራሷ ደም ነውና። «አምና አንቺ ጋ ሳለች ያልጣላት፣ ቤት የዋጠችው ገና ሳያልቅ ስለነበር ነው» በሏቸው። የልጅ ልጃቸውን ጠልተው አይደለም መድኃኒቱን የፈሩት፤ ወድቃ ያዩዋት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ኪኒኑን ለልጅቷ አያስይዙ፤ ለእናትዎ ያስይዙ። በመቀነታቸው ይቋጥሩት። ማታ ከጸሎት በኋላ በእጃቸው ይስጧት፤ ከፈለጉ አማትበውበት፣ በጠበሉ ትዋጠው። በጠበል የተዋጠ ኪኒን ከውኃ ጋር እንደተዋጠው ሁሉ ይሠራል።

ከመንገዱ ጋር 16 ማታ ነው፤ 20 ፍሬ ይቁጠሩላቸው። መኪና ሊዘገይ ይችላል፤ ዝናብ የነካው ፍሬም ይሟሟል። ሲመለሱ የተረፈው 4 ከሆነ ሁሉም ደህና ሆኗል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቤት የገባችሁበትን ቀን ሳይሆን መጨረሻ የዋጠችበትን ማታ ጽፋችሁ ለሐኪሟ ያሳዩ።